የጐንደር ማገዶ

የጥንት ነገሥታት ከተማቸው ድንኳን ነበረ። ሠራዊቱ ባረፈበት ስፍራ ማገዶውና ግጦሹ ሲያልቅ ድንኳኑ ይነቀላል፤ የተተወውም ምድር ዐርፎ ዛፉ እንደ ገና ያቈጠቍጥ ነበር።

ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ በአንገረብና በቀሐ ወንዞች መካከል ጐንደርን በቈረቈሩ ጊዜ ግን ከተማው በድንጋይና በኖራ ቆመ፤ የመንግሥቱም መቀመጫ ሁለት መቶ ዓመት ያህል በዚያው ጸና። ኖራም ድንጋዩ በብዙ እሳት ካልተቃጠለ አይገኝም። ለጣሪያው ወራጅ፥ ለእንጀራው ምጣድ፥ ለደጋው ብርድ ኹሉ እንጨት ያስፈልጋል። ድንኳን ማገዶን ተከትሎ ይሄድ ነበር፤ ግንብ ግን አይሄድምና ማገዶው ከሩቅ ወደ ግንቡ መምጣት ግድ ሆነበት።

ዳግማዊ ምኒልክም በአዲስ አበባ ይኸው ችግር ስለ ገጠማቸው መቀመጫቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ዐስበው ነበር። ከተማይቱን ያጸናት በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ዛሬ ጐንደርም በዚሁ ዛፍ ትጠቀማለች። ፈጥኖ ያድጋል፥ ተቈርጦም ያቈጠቍጣል፤ ዳሩ ግን ውሃ አብዝቶ ይጠጣል፥ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልቡ አይበቅልም።

እንጨት ያጣ ገበሬ ኩበት ያነዳል፤ ኩበቱ ሲነድ ማሳው ፍግ ያጣል፤ ማሳው ሲደክም ገበሬው ዱሩን መንጥሮ ሌላ ማሳ ያወጣል። እንዲህ እያለ ጥፋት ጥፋትን ይወልዳል።

የስሜን ተራሮች በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ፤ እርሻና ግጦሽ የዋልያውን ማደሪያ ስላጠበበ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ተቈጠሩ፤ ጥበቃው ሲበረታ በ2009 ዓ.ም. ከዚያ መዝገብ ወጡ። ስለዚህ የተጐዳ ምድር ኹሉ ተስፋ የለውም አይባልም።

የቀድሞውን ዱር ማየት የሚሻ ሰው ወደ አብያተ ክርስቲያናት አጸድ ይሂድ። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ብዙዎቹን የጐንደር አድባራት ሲያቃጥል የተረፈችው ደብረ ብርሃን ሥላሴ እስከ ዛሬ በዛፎቿ ጥላ አለች። በዙሪያው ያለው አገር ተራቍቶ ጥድና ወይራ በአጸድ ውስጥ የቀሩት፥ አባቶች ዛፉን የመቅደሱ ልብስ አድርገው ስለ ጠበቁት ነው። ዛሬ ግን ለገቢ ሲባል አገር በቀሉን ዛፍ ቈርጦ በባሕር ዛፍ መተካት በየስፍራው ይታያል።

አንባቢ ሆይ፥ እኛ ነቅለን የምንሄድበት ድንኳን የለንም። የቀረውን አጸድ ለዘር እንጠብቀው፤ ባሕር ዛፉን ለማገዶ፥ ጥዱንና ወይራውን ለልጅ ልጅ እንትከል።