መርጫው ከመማሪያ ክፍል እንዴት ወጣ

በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የተባይ ርጭት ለረጅም ዘመን በቀን መቁጠሪያ ይመራ ነበር። ውል የያዘው ድርጅት በወሩ ይመጣል፤ በረሮ ታየም አልታየም የግድግዳውን ሥር ረጭቶ ይሄዳል። ልማዱ ዛሬ በብዙ ቦታ ቀርቷል። ለምን ሲባል ብዙዎች የሚሰጡት መልስ «መርዞቹ ስለታገዱ» የሚል ነው። እኔ ግን ከእገዳው ይልቅ የበለጠ የሠራው፣ ረጪው ከመርጨቱ በፊት ምክንያቱን እንዲናገርና እንዲጽፍ መገደዱ ነው እላለሁ።

ሐሳቡ የተወለደው በእርሻ ላይ ነው። በ1959 (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስተርን፣ ስሚዝ፣ ቫን ደን ቦሽና ሄገን የተባሉ አራት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነፍሳት ተመራማሪዎች አንድ ጽሑፍ አወጡ። የአልፋልፋ ማሳ ያጠቃው ክሽክሽ መርዙን ተላምዶ ነበር፤ መርዙ የጨረሰው ክሽክሹን የሚበሉትን ነፍሳት ነው። ስለዚህ ገበሬው መርጨት ያለበት ጉዳቱ ከርጭቱ ወጪ ሊበልጥ ሲቃረብ ብቻ ነው አሉ። ይህ ስሌት ግን ለትምህርት ቤት እንዳለ አይሆንም፤ መማሪያ ክፍል የሚመዘን ምርት የለውም። በሌላ ጥያቄ መተካት ነበረበት፦ በረሮው በየት ገባ? ምን ይበላል? ውኃ ከየት ያገኛል? መልሱም የበር ሥር ክፍተት፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ ሳይወጣ ያደረ የምግብ ቤት ቆሻሻ ሆነ። ከዩኒቨርሲቲ የወጣው ሐሳብ በመጨረሻ ያረፈው በጽዳት ሠራተኛውና በጥገና ሠራተኛው እጅ ነው።

ቴክሳስ ትምህርት ቤቶቿ ይህንን የተቀናጀ ተባይ መከላከል እንዲከተሉ በ1991 ሕግ አወጣች። በ1993 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ያወጣው ጥናት ደግሞ ሕፃናት ከክብደታቸው አንጻር ከአዋቂ አብልጠው እንደሚበሉና እንደሚጠጡ አስረግጦ፣ ለአዋቂ የተለካ መጠን ለእነርሱ እንደማይሠራ አሳየ። ሆኖም የአሜሪካ ምክር ቤት የምርመራ መሥሪያ ቤት በ1999 ማብቂያ ጉዳዩን ሲያጣራ፣ የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ምን ያህል መርዝ እንደሚጠቀሙ የሚናገር የተሟላ መረጃ አላገኘም። ያልተጻፈን ነገር ማን ይጠይቀዋል? የሎስ አንጀለስ ትምህርት አስተዳደር በዚያው ዓመት ስለ ተባይ መከላከል አዲስ ፖሊሲ አጸደቀ፤ በ2000 የወጣው የካሊፎርኒያ ሕግም መርጨትን ሳይከለክል መዝገብ እንዲያዝ፣ ማስታወቂያም ከርጭቱ 24 ሰዓት ቀደም ብሎ ተለጥፎ እስከ 72 ሰዓት በኋላ እንዲቆይ አዘዘ።

«ክሎርፒሪፎስ የተባለው ፀረ ተባይ መርዝ በ2000 ከቤትና ከትምህርት ቤት እንዲወጣ መወሰኑስ?» የሚል ይኖራል። ውሳኔው ትልቅ ነበር፤ የቴክሳስ ሕግና የሎስ አንጀለስ ፖሊሲ ግን ቀድመውታል። ደግሞም አንድ መርዝ ሲወጣ ሌላው በቦታው ይገባል፤ ወርኃዊው ርጭት በአዲስ ጠርሙስ ሊቀጥል ይችል ነበር።

ይበልጥ የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው። በ1997 የታተመ የአሜሪካ ከተሞች ጥናት የበረሮ አለርጂ ያለባቸውና በረሮ በበዛበት ቤት የሚኖሩ የአስም ሕሙማን ሕፃናት ሆስፒታል አብዝተው እንደሚገቡ አሳይቷል። ታዲያ ርጭት መቀነስ ሕፃናቱን አይጎዳም? በረሮ ስጋት መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን አለርጂ የሚያስነሣው ሰገራውና የሰውነቱ ስብርባሪ ነው፤ የተረጨበት በረሮ ቢሞትም እነዚህ እዚያው ይቀራሉ። የሚያስወግዳቸው ጽዳት ነው። ወጪን በተመለከተ ግን ተቃዋሚዎቹ የሚሉት ከፊሉ ልክ ነው፤ ያረጀ ሕንፃ ለመድፈን መጀመሪያ ገንዘብ ይጠይቃል፣ በጀት ያልተመደበለት ሕግም ወረቀት ሆኖ ሊቀር ይችላል።

በካሊፎርኒያ የሕዝብ ትምህርት ቤት ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ የሚልክላችሁን የፀረ ተባይ ዝርዝር አንብቡ። ስማችሁን ካስመዘገባችሁ ከእያንዳንዱ ርጭት 72 ሰዓት በፊት ሊነገራችሁ ይገባል።