በሆስፒታል ተኝተው ሲታከሙ፦ የነርሶች የመድኃኒት አሰጣጥና የአስታማሚ ድርሻ

ሆስፒታል ለተኛ ሰው መድኃኒቱን ሐኪም ያዛል፣ ፋርማሲ ያዘጋጃል፤ በመጨረሻ ለታካሚው የሚሰጠው ግን ነርስ ነው። ስለዚህ ቀደም ብሎ የተፈጠረ ስህተት የሚያዘው ወይም የሚያልፈው አልጋው አጠገብ ነው።

ነርሶች መድኃኒት ከመስጠታቸው በፊት ታካሚው፣ መድኃኒቱ፣ መጠኑ፣ ሰዓቱና የሚሰጥበት መንገድ (በአፍ፣ በጡንቻ ወይም በደም ሥር) ትክክል መሆናቸውን ያረጋግጣሉ።

ቀላል የሚመስለው የታካሚውን ማንነት መለየት ነው። በአገራችን ስማቸው ከነአባታቸው የሚመሳሰል ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል ሊተኙ ይችላሉ። ታካሚ ከአልጋ አልጋ ስለሚዛወር የአልጋ ቁጥርም መለያ አይሆንም። ነርሷ በየጊዜው ሙሉ ስምዎን ከነአያት ጠይቃ ከካርድ ቁጥርዎ ጋር ብታመሳክር አይሰልቹ። «አቶ አበበ ነዎት?» ተብሎ የተጠየቀ እንቅልፋም ወይም ጆሮው የደከመ ሰው «አዎ» ሊል ይችላል፤ ስሙን ራሱ ቢናገር ይሻላል።

አንዳንድ መድኃኒቶች ትንሽ ስህተት አይችሉም። በብዛት የሚሠራበት ኢንሱሊን በ1 ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ይይዛል፤ 10 ዩኒት ማለት 0.1 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ስለዚህ በኢንሱሊን ሲሪንጅ መቀዳት አለበት፤ በተራ ሲሪንጅ ከተቀዳ አሥር እጥፍ መስጠት ቀላል ነው። ፖታሲየም ክሎራይድ ደግሞ ሳይበረዝ በደም ሥር ከተሰጠ ልብን ሊያቆም ይችላል። ለእንዲህ ያሉት ሁለተኛ ነርስ መጠኑን ለብቻዋ አስልታ ማረጋገጧ ተገቢ ነው። ነርሷ መድኃኒት ስትቀዳ ወይም ስታሰላ፣ አስቸኳይ ካልሆነ በቀር፣ ጥያቄዎን ትንሽ ያቆዩት።

አስታማሚ ከውጭ ፋርማሲ የገዛውን መድኃኒት ከነማሸጊያው ያስረክብ። ከቤት ያመጡትን የግፊት ወይም የስኳር ክኒን፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ ሳይናገሩ አይውሰዱ፤ አንዱን መድኃኒት ሁለት ጊዜ መውሰድ የሚመጣው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። የማይስማማዎት መድኃኒት ካለ ስሙንና ያደረሰብዎትን (ሽፍታ ነው ወይስ የትንፋሽ ማጠር?) ተረኛ ነርስ በተቀየረ ቁጥር ይናገሩ። የግሉኮሱን ጠብታ ራስዎ አያፍጥኑ፣ አያዘግዩም።

ክኒኑ ከትናንቱ በቀለም ወይም በቁጥር ከተለየ ከመዋጥዎ በፊት «ምንድን ነው? ለምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ብዙ ሰው በይሉኝታ ዝም ይላል። ነርሷ ግን ማዘዣውን መልሳ ለማየት የሚፈጅባት ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ ማሳከክ፣ የከንፈር ወይም የፊት እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን የመሳት ስሜት ከታየ ወዲያውኑ ነርስ ይጥሩ። ኢንሱሊን የወሰደ ሰው ቢያልበው፣ ቢንቀጠቀጥ ወይም ንግግሩ ቢዘበራረቅም እንዲሁ። መርፌው የተሰካበት ክንድ ካበጠ ወይም ካቃጠለ ጠብታው እስኪያልቅ አይጠብቁ።