ስድስት ዓመት የቆየ እንግዳ

ለአንድ ሳምንት ሰው አገር ሄዶ የተመለሰ ሰው የሚያወራችሁ ስለ ሕንጻውና ስለ መንገዱ ነው። ዓመታት የኖረበት ሰው ግን ገበያው እንዴት እንደሚውል፣ ጎረቤት ሲሞት ምን እንደሚደረግ፣ ሰው በምን እንደሚስቅና በምን እንደሚቀየም ያውቃል። አገር የሚታወቀው ተቀምጠው ሲኖሩበት ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆን ታሪክ በራሳችን አገር አለ።

እ.ኤ.አ. በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለ ቄስም አብሯቸው ነበረ። ሐሳባቸው መልእክታቸውን ለዐፄ ልብነ ድንግል አድርሰው መመለስ ነበር። ሆኖም ሊወስዳቸው የመጣው መርከብ የመመለሻው ነፋስ ሳያልፈው ብሎ እነርሱ ሳይደርሱ ሄደ። በዚህና በመሳሰለው ምክንያት እስከ 1526 ድረስ ቆዩ።

እኛን የጠቀመን ይህ መዘግየት ነው። አልቫሬዝ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ ጽፏል፤ የሚያምነኝ የለም ብሎም ሰግቷል። ከዚያ ይልቅ የሚደንቀው ግን ያስተዋላቸው ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። ጨው እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግልና ከሚወጣበት ስፍራ በራቀ ቁጥር ዋጋው እንደሚጨምር ጻፈ። ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው ቤተ ክርስቲያን እንደሚገቡ፣ ቆመው ሲጸልዩ መቋሚያ እንደሚደገፉ፣ በበቅሎ የሚሄድ ሰው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሲደርስ ወርዶ በእግሩ እንደሚያልፍ ጻፈ። አንበጣ እህሉን የጨረሰበት ገበሬ ልጆቹን ይዞ ሲሰደድም አየ። እነዚህን አብሮ የከረመ እንጂ መንገደኛ አያያቸውም።

ደግሞም አስተማሪ ነበረው። ፔሮ ዳ ኮቪልያ የሚባል ፖርቱጋላዊ ከእርሱ በፊት፣ በዐፄ እስክንድር ዘመን መጥቶ ነበር። ንጉሡ በ1494 ሲሞቱ ተከታዮቻቸው እንዲወጣ አልፈቀዱለትም። ርስት ተሰጠው፤ አግብቶ ልጆች ወለደ፤ ቋንቋውን አወቀ። የአገሩን ሰዎች ከብዙ ዓመት በኋላ ሲያገኝ በደስታ አለቀሰ። ለአልቫሬዝ ብዙ ነገር ያስረዳው እርሱ ነው። መልእክተኞቹ ሲመለሱ ግን ኮቪልያ እዚሁ ቀረ።

አልቫሬዝ ያየውን ሁሉ ወዶታል ማለት አይደለም። በየዓመቱ በጥምቀት በዓል ስለሚደረገው ሥርዓት ንጉሡ ሲጠይቁት እንደማይስማማ ነግሯቸዋል። ያም ሆኖ ቅዳሴውን በራሱ ሥርዓት እንዲያደርስ ተፈቅዶለት ነበር። ንጉሡም የእያንዳንዱን ልብሰ ተክህኖ ትርጉም እየጠየቁ ሰምተውታል።

አሁን ታሪኩን ገልብጣችሁ እዩት። መልእክተኞቹ ሲመለሱ ጸጋ ዘአብ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ካህን የንጉሡ መልእክተኛ ሆነው አብረዋቸው ሄዱ። በ1527 ሊዝበን ደረሱ፤ እርሳቸውም ዓመታት ተቀመጡ። ነገር ግን የእምነታቸው ሥርዓት ከአገሩ ሥርዓት ስለተለየ ከቅዱስ ቁርባን ተከለከሉ። ሰባት ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ፣ በ1534፣ የኢትዮጵያውያንን እምነትና ልማድ የሚያስረዳ ጽሑፍ አዘጋጁ። በዚያም በክርስቶስ የሚያምን ወንድም በሥርዓት ልዩነት ምክንያት እንደ ባዕድ መቆጠር እንደሌለበት ተከራከሩ።

የአልቫሬዝ መጽሐፍ በ1540 ሊዝበን ታተመ። የጸጋ ዘአብን ጽሑፍ ደግሞ ዳሚያኦ ደ ጎይስ የተባለ ፖርቱጋላዊ ምሁር በዚያው ዓመት ሉቨን ከተማ አሳተመው። ይህኛው መጽሐፍ ፖርቱጋል ውስጥ እንዳይሸጥ ታገደ።

ሁለቱም ካህናት በሰው አገር ረጅም ዘመን ኖረዋል፤ ሁለቱም የአገሩን ኑሮ ከውስጥ አይተዋል። አንዱ ያየው የተከፈተ በር ስለነበረ ስለ ገበያና ስለ ጸሎት፣ ስለ ችግርና ስለ በዓል ጻፈ። ሌላው ግን በር ስለተዘጋበት ዘመኑን ራሱን በማስረዳት አሳለፈ። እንግዳ ስለ አንድ አገር የሚያውቀው በቆየበት ዘመን ልክ ብቻ ሳይሆን በቀረበበት ማዕድ ልክም ነው።

ከእናንተ መካከል ነገ ለትምህርት ወይም ለሥራ ባሕር የምትሻገሩ ትኖራላችሁ። ስትሄዱ ለመፍረድ አትቸኩሉ፤ ቋንቋውን ተማሩ፤ እንደ ኮቪልያ ቀድሞ የኖረበትን ሰው ጠይቁ። እዚሁ የምትቀሩት ደግሞ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። በሰፈራችሁ በስደት የመጣ ቤተሰብ፣ በክፍላችሁ ከሌላ አካባቢ የመጣ ተማሪ፣ በወጣቶች ኅብረታችሁ የኋላ ወንበር ላይ ብቻውን የሚቀመጥ አዲስ ሰው አለ። ስድስት ዓመት አብሯችሁ ቢኖር ስለ እናንተ ምን ይጽፍ ይሆን?