ከዴልፍት ሆምጣጤ እስከ ክሎርሄክሲዲን፦ የአፍ መጉመጥመጫ አጭር ታሪክ

በኔዘርላንድስ የዴልፍት ከተማ ነዋሪ የነበረው የጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሊውወንሁክ እ.ኤ.አ. በ1683 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በላከው ደብዳቤ፣ ከጥርሶቹ መካከል የፋቀውን ነጭ ቆሻሻ ራሱ በሠራው አጉሊ መነጽር ተመልክቶ የሚርመሰመሱ እጅግ ጥቃቅን ፍጥረታት ማግኘቱን አስታወቀ። ይህ ግኝት በባክቴሪያ ጥናት ታሪክ ዘወትር ይጠቀሳል። በዚያው ጊዜ ያደረገው ሌላ ሙከራ ግን እምብዛም አይወሳም፤ ለጤና ባለሙያ ይበልጥ የሚጠቅመው ቁም ነገር ያለው ግን እዚያ ላይ ነው። ሊውወንሁክ በብርቱ የወይን ሆምጣጤ አፉን ተጉመጠመጠ። ከዚያም ከጥርሱ ላይ ፍቆ ሲመለከት ፍጥረታቱ አሁንም በሕይወት ነበሩ። ቆሻሻውን ከአፉ ውጭ ከሆምጣጤ ጋር ሲቀላቅለው ግን ሞቱ። ስለዚህ ሆምጣጤው የገደለው ከላይ ያሉትን ብቻ እንደሆነ፣ ወደ ውስጥም እንዳልዘለቀ ደመደመ።

ያ ቆሻሻ ዛሬ ፕላክ ይባላል። ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው በሚሠሩት የሚያጣብቅ ነገር ተሸፍነው፣ ተደራርበው የሚኖሩበት ንጣፍ ነው። መጉመጥመጫ በፋብሪካ ተዘጋጅቶ ገበያ በወጣበት ዘመን ግን የነጋዴው ትምህርት ተዘንግቶ ነበር። ጆሴፍ ሊስተር በ1865 በግላስጎው ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ ማከም ከጀመረ በኋላ፣ በ1879 በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ ዶክተር ጆሴፍ ሎውረንስ ከአልኮልና እንደ ሜንቶልና ታይሞል ካሉ ቅመሞች ጸረ ተሕዋስያን ፈሳሽ አዘጋጀ፤ ለሊስተር ክብርም ሊስተሪን ተባለ። መጀመሪያ የታሰበው ለቀዶ ሕክምና ነበር። በ1914 ያለ ሐኪም ትእዛዝ መሸጥ ጀመረ፤ በ1920ዎቹም ማስታወቂያዎቹ ሃሊቶሲስ የሚለውን ቃል አንሥተው ተራውን የአፍ ሽታ የሚያስፈራ በሽታ አስመሰሉት። ከ1921 ጀምሮ ደግሞ ጉንፋንን ይከላከላል ይባልለት ነበር። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ1975 አባባሉ መሠረት የለውም ሲል ወሰነ፤ ኩባንያውም በቀጣዩ 10 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ማስታወቂያ ውስጥ ስሕተቱን እንዲያርም አዘዘ። ይህ ሲባል ፈሳሹ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ከብሩሽ ጋር ሲደመር ፕላክንና የድድ መቆጣትን እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። የጉንፋኑ ተስፋ ግን በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ሌላ ልብስ ለብሶ ተመለሰ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም መጉመጥመጫ ከቫይረሱ እንደማይከላከል ማሳሰብ ግድ ሆነበት።

ሳይንሳዊው መልስ የመጣው ከዴንማርክ ነው። በ1965 ሃራልድ ሎና ባልደረቦቹ በኦርሁስ ከተማ 12 ጤነኛ ሰዎች አፋቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረጉ። ከ10 እስከ 21 ቀናት ባለው ጊዜ የሁሉም ድድ ተቆጣ፤ ማጽዳት ሲጀምሩም ዳነ። በ1970 ሎና ሽዮት ሌላ ሙከራ አቀረቡ፤ ተሳታፊዎቹ መቦረሽ አቁመው በቀን ሁለት ጊዜ በ10 ሚሊ ሊትር 0.2 በመቶ ክሎርሄክሲዲን ሲጉመጠመጡ ፕላክ አልተፈጠረባቸውም። ብዙዎች ከዚህ የወሰዱት መጉመጥመጫ ብሩሽን ይተካል የሚል ትርጉም ነው፤ ይህ የተሳሳተ ንባብ ነው። ሙከራው የተጀመረው በጸዱ ጥርሶች ላይ ነበርና። መድኃኒቱ አዲስ ንጣፍ እንዳይሠራ ከለከለ እንጂ የቆየውን አልሰበረም። ሊውወንሁክ ያየውም ይኸንኑ ነው።

የክሎርሄክሲዲን ብርታት በኤሌክትሪክ ሙሉ (ፖዘቲቭ) በመሆኑ በጥርስና በአፍ ሽፋን ላይ ተጣብቆ ለሰዓታት መቆየቱ ነው። ድክመቱም ከዚያው ይመነጫል። ለብዙ ሳምንታት ከተወሰደ ጥርስንና ምላስን ያጠይማል፣ ጣዕምን ያዛባል። በጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው አረፋ ሰጪ ነገርም ኃይሉን ያከሽፈዋል፤ ስለዚህ በሁለቱ መካከል ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ማሳለፍ ያስፈልጋል። የፍሎራይድ መጉመጥመጫ ነገር ከዚህ ይለያል። በየቀኑ የሚወሰደው 0.05 በመቶ ሶዲየም ፍሎራይድ ከተለመደው የጥርስ ሳሙና ያነሰ ፍሎራይድ ስላለው፣ ወዲያው ከቦረሹ በኋላ መጉመጥመጥ ብርቱውን በደካማው ማጠብ ይሆናል። ዕድሜያቸው ከ6 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ስለሚውጡት አይሰጣቸውም። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ወሰን በላይ ፍሎራይድ ስላላቸው፣ ከማዘዝ በፊት ልጁ የሚጠጣው ውኃ ከየት እንደሚቀዳ መጠየቅ ይገባል።

በመፋቂያ ፍቆ በውኃ የመጉመጥመጥ የቆየው የሀገር ልማድ ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው፤ መፋቅ ይቀድማል። መጉመጥመጫ ሕይወት ከሚያድንባቸው ሁኔታዎች አንዱ ግን ከዕለት ንጽሕና ውጭ ነው። በምግብ እጥረት የተጎዳ ወይም በቅርቡ ኩፍኝ የያዘው ሕፃን ድዱ ቆስሎ ሲደማና አፉ ክፉኛ ሲሸት፣ የኖማ መነሻ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ኖማን በታኅሣሥ 2023 (እ.ኤ.አ.) ከተዘነጉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር አስገብቶታል። በዚህ ደረጃ የክሎርሄክሲዲን መጉመጥመጫ ከአንቲባዮቲክና ከተመጣጠነ ምግብ ጋር የሕክምናው አካል ነው። እናቲቱ ሽታውን ለማጥፋት ብላ ከሱቅ የገዛችው ባለ መዓዛ ፈሳሽ ብቻውን ሲሰጠው ግን ምልክቱ ይሸፈናል፤ በሽታው በጥቂት ቀናት ከድድ ወደ ጉንጭ ይዘልቃል።