የሽቦው ሰዎች፤ በፋርስ አገር የቴሌግራፍ ሠራተኞች የቆንስልነት ሥራ እንዴት እንደ ያዙ

ስለ ዲፕሎማሲ የተጻፉ የታሪክ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ የሚናገሩት ስለ አምባሳደሮች፣ ስለ ውሎችና ስለ ጦርነቶች ነው። ይሁን እንጂ በ19ኛው መቶ ዓመት የታላላቅ መንግሥታትን ጉዳይ በየዕለቱ ይፈጽሙ ከነበሩት መካከል ማንም ዲፕሎማት ብሎ የማይጠራቸው ሰዎች ነበሩ። ከእነዚህም አንደኞቹ የቴሌግራፍ ሠራተኞች ናቸው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በፋርስ፣ ማለት በዛሬዋ ኢራን፣ ሽቦ ይጠብቁና መልእክት ያስተላልፉ የነበሩ እንግሊዛውያን የቆንስልን ሥራ ሊይዙ የቻሉት በምን ምክንያት እንደ ሆነ መመርመር ነው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ1857 የሕንድ ወታደሮች በእንግሊዝ ላይ በተነሡ ጊዜ ወሬው ለንደን ለመድረስ ሳምንታት ፈጅቶበት ነበር። ከዚህ በኋላ እንግሊዝ ሕንድን በሽቦ ከራሷ ጋር ለማገናኘት ቸኰለች። በ1859 እና በ1860 በቀይ ባሕር በኩል የተዘረጋው የባሕር ሽቦ ብዙም ሳያገለግል ተበላሸ። ስለዚህ የሕንድ መንግሥት «የሕንድና የአውሮፓ ቴሌግራፍ መሥሪያ ቤት» የተባለ ክፍል አቋቁሞ በ1864 በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ከጓዳር እስከ ቡሽሕርና እስከ ፋው ሽቦ ዘረጋ። በየብስም ከፋርስ መንግሥት ጋር በ1863 በተደረገው ውል መሠረት ከኦቶማን ጠረፍ ከኻናቂን ተነሥቶ በቴህራን፣ በእስፋሃንና በሺራዝ በኩል ቡሽሕር የሚደርስ መስመር ተሠራ። በ1870 ደግሞ የሲመንስ ወንድማማቾች ያቋቋሙት «የሕንድና የአውሮፓ ቴሌግራፍ ኩባንያ» በበርሊን፣ በኦዴሳ፣ በቲፍሊስና በታብሪዝ አልፎ ቴህራን የሚገባውን መስመር ከፈተ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በተደረገው ሙከራ ከለንደን የተላከ መልእክት በ28 ደቂቃ ካልካታ ገባ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ኩባንያውና መሥሪያ ቤቱ ስማቸው ቢመሳሰልም አንደኛው የነጋዴዎች ንብረት ሲሆን ሁለተኛው የሕንድ መንግሥት ቅርንጫፍ ነበር። ከቴህራን እስከ ቡሽሕር ያለው መስመር የፋርስ መንግሥት ሀብት ቢሆንም ተቈጣጣሪዎቹ የእንግሊዝ መኰንኖች ነበሩ። በ1872ቱ ውል ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱ ለውጭ አገር መልእክት ሲመደቡ አንዱ ለፋርስ ተተወ። እንግዲህ በሕግ ዓይን ሲታይ በእስፋሃን ወይም በሺራዝ የተቀመጠው እንግሊዛዊ ሙያተኛ እንጂ የመንግሥት መልእክተኛ አልነበረም።

በተግባር ግን ሙያውና ፖለቲካው ሊለያዩ አልቻሉም። ሽቦው በረሓና ተራራ አቋርጦ የሚያልፍ ስለ ነበረ ሲበጠስ፣ ምሰሶው ሲሰረቅ ወይም ሲኒው በጥይት ሲሰበር የጣቢያው ሹም ወደ አካባቢው ገዥ ሄዶ አቤት ማለት ነበረበት። ከጎሣ አለቆች ጋር ተነጋግሮ ዘበኛ መቅጠር፣ ደመወዝ መክፈል፣ አጥፊው እንዲቀጣ መጠየቅ የዘወትር ሥራው ሆነ። ይህን ለማድረግ የፋርስን ቋንቋ መማርና የገዥዎቹን ጠባይ ማወቅ ግድ ሆነበት። ከዚህም በላይ መሥሪያ ቤቱ የራሱ ሐኪሞች ነበሩት። ከእነርሱ አንዱ በ1866 ወደ ፋርስ የሄደው ዶክተር ዊልስ ሲሆን፣ ትዝታውን በ1883 በመጽሐፍ አሳትሟል። ሐኪም የገዥዎችን ቤት ሳይቀር የሚያስከፍት ሰው ስለ ሆነ በእርሱ በኩል የሚገኘው ወዳጅነት ቀላል አልነበረም። ቆንስል በሌለበት ከተማ የቆንስል ዕውቀት የተከማቸው እንግዲህ በሽቦው ሰዎች ዘንድ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት የመጣው ከእንግሊዝ ሳይሆን ከራሱ ከፋርስ ሕዝብ ነው። በፋርስ «ባስት» የሚባል ጥንታዊ ልማድ ነበር። በአገራችን ቀድሞ ግፍ የደረሰበት ወይም ቅጣት የፈራ ሰው ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ይማጸን እንደ ነበረ ሁሉ በፋርስም ሰው ወደ መስጊድ ወይም ወደ ንጉሡ ፈረሶች ጋጣ ገብቶ ይጠጋ ነበር። ቴሌግራፍ ከገባ በኋላ የቴሌግራፍ ቤቶችም ከመጠጊያዎቹ ተቈጠሩ፤ ብዙ ሰዎች የሽቦው ጫፍ በሻሁ ዙፋን ሥር ያለ ይመስላቸው ነበርና። ገዥ የበደለው ገበሬ ወይም ነጋዴ ወደ ጣቢያው ሲገባ ሹሙ ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ ወይ ያስወጣዋል ወይ ያማልደዋል። ካማለደ ግን የሠራው የቴሌግራፈኛ ሥራ አይደለም።

ለዚህ ሁሉ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የጆን ሪቻርድ ፕሪስ ታሪክ ነው። ፕሪስ ከ1868 ጀምሮ በመሥሪያ ቤቱ ሲያገለግል ቆየ። በ1891 እንግሊዝ በእስፋሃን ቆንስል ለመሾም በፈለገች ጊዜ የተመረጠው እርሱ ነው። እስፋሃን የሻሁ የናስር አድዲን የበኵር ልጅ ዚል አስሱልጣን ከ1874 ጀምሮ የሚገዛት ከተማ ስለ ነበረች አገሩን የማያውቅ አዲስ ሰው በቀላሉ የሚሠራባት አልነበረችም። ፕሪስ በ1900 ዋና ቆንስል ሆነ። በ1905ም የዳርሲ የነዳጅ ዘይት ፈላጊዎች የባኽቲያሪ አለቆች ወደሚገዙት ምድር ለመግባት ሲደራደሩ አብሮ ተገኘ። በኅዳር ወር በተፈረመው ስምምነት አለቆቹ ለጥበቃ በዓመት 2,000 ፓውንድና ከትርፉ ድርሻ እንዲያገኙ ሆነ። ዘይቱም በ1908 በመስጂድ ሱሌይማን ተገኘ። ከጎሣ አለቆች ጋር ስለ ጥበቃ ክፍያ መነጋገር ለሽቦው ሰዎች አዲስ ነገር አለመሆኑን ከላይ አይተናል።

አንዳንድ ሰው ይህ ሁሉ አስቀድሞ የታሰበ ተንኰል ነው ሊል ይችላል። የእኔ አስተያየት ግን ከዚህ ይለያል። መጀመሪያ ነገር ሻሁ ራሱ በሽቦው ተጠቅሟል፤ ሩቅ ያሉትን ገዥዎች ከቴህራን ሆኖ ለማዘዝና ለመቈጣጠር አስችሎታልና። ሁለተኛ፣ በ1890 የትምባሆ ንግድ በሙሉ ለአንድ እንግሊዛዊ በተሰጠ ጊዜ የየከተማው ሊቃውንትና ነጋዴዎች ተቃውሟቸውን ያስተባበሩት በዚሁ በቴሌግራፍ ነበር፤ በጥር 1892ም ውሉ ተሰረዘ። ስለዚህ ሽቦው ለአንድ ወገን ብቻ ያገለገለ መሣሪያ አልነበረም። የቴሌግራፍ ሠራተኛውም ወደ ቆንስልነት የደረሰው በአንድ ትእዛዝ ሳይሆን በየዕለቱ በሚደረግ ትንንሽ ጉዳይ ነው።

ነገር ግን ታስቦ አለመደረጉ ጉዳቱን አያቀለውም። ይልቁንም ከባድ የሚያደርገው ይህ ነው። መንግሥት ቆንስል እቀበላለሁ ወይም አልቀበልም ለማለት ይችላል። ሽቦ ጠጋኝን ግን ማን ይከለክላል? ይህም በ1897 በግልጽ ታየ። በታኅሣሥ ወር ግሬቭስ የተባለው የቴሌግራፍ ሹም ከጃስክ በስተምሥራቅ መስመሩን ሲመረምር ተገደለ። በሚቀጥለው ዓመት የሕንድ ወታደሮች በጃስክና በቻባሃር ሰፈሩ። ከሽቦው በስተኋላ ሹሙ፣ ከሹሙም በስተኋላ ወታደሩ ገባ ማለት ነው።

የሕንድና የአውሮፓ ቴሌግራፍ መሥሪያ ቤት ሥራውን የፈጸመው በ1931 ነው። ታሪኩ ግን ፋርስን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ከአሥመራ እስከ አዲስ አበባ ያለውን የቴሌግራፍ መስመር የዘረጉት ኢጣልያኖች እንደ ነበሩ እናስታውሳለን። የአገራችንን የውጭ ግንኙነት ታሪክ የምናጠና ተማሪዎች የተፈረሙትን ውሎች ስናነብ ሽቦውን ማን ይጠብቀው እንደ ነበረ፣ ማን መልእክቱን ያነበው እንደ ነበረና ባላገሩ በተበደለ ጊዜ የማንን ደጅ ያንኳኳ እንደ ነበረ አብረን ልንጠይቅ ይገባናል።