ዛርና ሐኪሙ በካርቱም

ዶክተር ቲጃኒ አል ማሂ በእንግሊዝ አገር የአእምሮ ሕክምና አጥንተው ከተመለሱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 ገደማ በካርቱም ባሕሪ የነርቭ ሕሙማን ክሊኒክ ከፈቱ። ብዙዎች ዛርን አጉል እምነት እያሉ ሲንቁት እርሳቸው ግን አጠኑት፤ ከባህል ፈዋሾችም ጋር ተቀራረቡ።

በሱዳን የዛሩን ጉባኤ የምትመራው ሴት ሸይኻ ትባላለች። ከበሮ ይመታል፣ ለየመንፈሱ የራሱ ዜማ ይወጣል፤ ታማሚዋም መንፈሷ የሚወደውን ልብስ ለብሳ ትጨፍራለች። ከመናፍስቱ መካከል «ሐበሽ» የሚባሉት ቀይ ልብስና ቡና ይሻሉ። ለጎንደር ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ ዛር የሰፈረባትን «ፈረስ» ሲል ኖሯልና። ብዙ አጥኚዎችም የዛርን መነሻ ኢትዮጵያ ያደርጉታል። በ1932 ጎንደር የሰነበተው ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ሥርዓቱን ከቴአትር ጋር አያይዞታል።

ማያያዙ ተገቢ ነው። በቤቷ ቃል የማይወጣት ሴት በዛሩ አንደበት ትቆጣለች፣ ትጠይቃለች፤ ባሏም ዘመዷም ያደምጣታል። በእርግጥ ጽኑ የአእምሮ ሕመም በከበሮ አይድንም፤ የድግሱም ወጪ ድኻውን ያራቁታል።

ቲጃኒ በ1970 ዐረፉ፤ በኦምዱርማን የአእምሮ ሆስፒታል በስማቸው ተሰየመ። ከ1989 በኋላ የመጣው እስላማዊ መንግሥት ዛርን ሲያሳድድ፣ ሴቶቹ የከበሮውን ድምፅ ዝቅ አድርገው በየጓዳው ቀጠሉ።