የደረቀው ብራና፣ የለመለመችው በትር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአማርኛችን «ደረቅ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ለነቀፋ ይውላል። ምክር የማይሰማውን «ደረቅ»፣ የማያፍረውን «ዓይነ ደረቅ» እንለዋለን። ጸሎት ሲከብደንም «ልቤ ደረቀ» ብለን እናዝናለን። ይሁን እንጂ ቅዱሳት መጻሕፍትንና የአባቶቻችንን ታሪክ ስንመረምር መድረቅ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ እንረዳለን።

በሦስተኛው ቀን ውኃው ሲወሰን የተገለጠችው ምድር «የብስ» ተባለች፤ ቃሉም በግእዝ «የብሰ»፣ ማለትም «ደረቀ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ልብ በሉ፤ ሣርና ዛፍ የበቀለው በዚህችው ምድር ላይ ነው (ዘፍ. 1፥9-12)። እስራኤል ከግብፅ ሲወጡ የባሕሩ መድረቅ መንገድ ሆናቸው (ዘጸ. 14፥21-22)። ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈስሳት የኖረችው ሴት የጌታችንን ልብስ በዳሰሰች ጊዜ የደሟ ምንጭ ደረቀ፤ ለእርሷ መድረቅ ፈውስ ነበር (ማር. 5፥25-29)። በአንጻሩ ፍሬ ያልተገኘባት በለስ ከሥሯ ደረቀች (ማር. 11፥20)፤ ይህኛው መድረቅ ፍርድ ነው።

አባቶቻችን ብራና ሲያዘጋጁ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ በውኃ ይነክራሉ። ከዚያም በእንጨት መወጠሪያ ላይ በገመድ ወጥረው ሥጋውንና ጠጉሩን እየፋቁ በፀሐይ ያደርቁታል። ቆዳው ርጥብ ሆኖ ቢቀር ይበሰብሳል፤ ሳይወጠር ቢደርቅም ይኮማተራል። ተወጥሮና ተፍቆ ሲደርቅ ግን ለስልሶ በወስፌ ይሰመራል፤ በመቃ ብዕርም ቃለ እግዚአብሔር ይጻፍበታል። በዐድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ጥንታውያን የብራና ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ እንደተዘጋጁ ታውቋል። አንድ ጊዜ በሚገባ የደረቀ ቆዳ ቃሉን ተሸክሞ ከ1,300 ዓመታት በላይ ኖረ ማለት ነው።

እንግዲህ ልባችን ሲደርቅብን አስቀድመን ራሳችንን እንጠይቅ። በጾም፣ በስግደትና በመከራ ተወጥረን ሳለ ጣዕሙ ከራቀን እንታገሥ፤ ብራናውም የሚጻፍበት ከተወጠረና ከተፋቀ በኋላ ነውና። ከጸሎት፣ ከቅዱስ ቍርባንና ከጉባኤ ርቀን የደረቅን እንደ ሆነ ግን ከግንዱ የተለየ ቅርንጫፍ መሆናችን ነው (ዮሐ. 15፥6)፤ ሳንዘገይ ወደ ንስሐ አባታችን እንሂድ።

ከግንዱ የተለየው ሁሉ ተስፋ የለውም ማለት ግን አይደለም። የአሮን በትር ከዛፏ ተቈርጣ የደረቀች እንጨት ነበረች። በምስክሩ ድንኳን በእግዚአብሔር ፊት ባደረች ጊዜ ግን አቈጠቈጠች፤ አበባ አወጣች፤ ለውዝም አፈራች (ዘኍ. 17፥8)። ቤተ ክርስቲያናችን ይህችን በትር ያለ ዘርዐ ብእሲ ለወለደችው ለእመቤታችን ምሳሌ አድርጋ ታስተምራለች። በትሪቱ ውኃ አልጠጣችም፤ በአፈርም አልተተከለችም፤ በፊቱ አደረች እንጂ። እኛም ደርቀን ሳለን እንኳ ከፊቱ አንራቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።